ወፏም አልታየች፣ ጉልበቴም አልዳነ

ለቡ ወፍ አጥቶ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ማንም እንዳይከራከረኝ ነው። ገና ሰማዩ ሳይገልጥ ጋጋኖ በጎረቤቴ ቆርቆሮ ላይ ተሰብስቦ ይጮኻል። ቁራው የቆሻሻ ገንዳውን ሲበረብር ያረፍዳል። ጭልፊቱ ከሥጋ ቤቱ አናት ላይ ሲዞር ይውላል፤ አንድ ቀን የተማሪ ልጅ ሳምቡሳ ከነወረቀቱ ከእጁ ላይ መንትፎ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ጋጋኖን ደግሞ ተራ ወፍ አድርጋችሁ እንዳትገምቱት፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። እሱን ለማየት ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። እኔ አልጋዬ ላይ እንደተኛሁ፣ ሳልከፍልና ሳልጠየቅ፣ በየማለዳው እሰማዋለሁ።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ለዕረፍት መጥቶ “ጋሼ፣ ቅዳሜ ወፍ ልናይ እንሄዳለን” ሲለኝ፣ “የት ድረስ? መስኮቱን ክፈተው” አልኩት።

“ጋጋኖ እኮ አለኝ ጋሼ።”

አለኝ ሲል ስልኩ ውስጥ ተመዝግቧል ማለቱ ነው። ይህ ልጅ ያያትን ወፍ ሁሉ ከነቀኗና ከነሰዓቷ ይመዘግባል፤ አንዴ የተመዘገበች ወፍ ከዚያ በኋላ እፊቱ ቆማ እስክስታ ብትመታ ቀና ብሎ አያያትም። ቁራው አለው፣ ጭልፊቱ አለው፣ የጓሮዬ ድንቢጥ ሳትቀር አለችው። የሌለችው አንዲት ናት፤ እሷም ያለችው በርጋ ነው።

በርጋ ከአዲስ ዓለም በስተሰሜን ያለ ረግረግ ሜዳ ነው። የልጁ ፈቃድ አጭር ነው፤ ግማሹ በዘመድ ጥየቃ አልቋል፣ ግማሹ በሠርግ ተይዟል፤ ለወፏ የተረፈቻት ያቺ ቅዳሜ ብቻ ናት። ነሐሴ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ፍልሰታ ነው። ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ዘርዝሬ ነገርኳት። “ሂድ እንጂ፣ ትንሽ ነፋስ ታገኛለህ” አለች። ነፋስ እዚሁም አለ ብላት፣ “እኔም ትንሽ ላግኝ” አለችኝ። በዚህ ተቆረጠ።

እንግዲህ የወፏን ነገር ልንገራችሁ፤ ልጁ መንገዱን ሙሉ ሲያስረዳኝ ስለሄደ ሳልወድ ተምሬዋለሁ። የሳይንስ ስሟ ሳሮትሩራ አየርሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 ገርኒ የተባለ እንግሊዛዊ የወፍ ሊቅ ከደቡብ አፍሪካ በተገኘ ናሙና ላይ ተመሥርቶ መዘገባት፤ በስሟም ውስጥ ቶማስ አየርስ የተባለውን ወፍ ሰብሳቢ አስታወሰበት። ከምንቃሯ እስከ ጅራቷ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት። ኑሮዋ ረግረግ ሣር ሥር ነው፤ ውሃው ላይ በተኛው ቄጠማ ውስጥ እንደ አይጥ ትሽሎከሎካለች። ክንፏ ላይ ነጭ ላባ አለ፣ መለያዋም እሱ ነው። ነጩ ላባ ታዲያ በደንብ የሚታየው ስትበርር ነው፤ እሷ ደግሞ ካልተገደደች አትበርርም። “ካላሳየችው ምልክቱ ለምን አስፈለጋት?” ብዬ ጠየቅሁ። ልጁ ፈገግ አለ። ያልገባው ነገር ሲጠየቅ ፈገግ ይላል፤ ይህንንም እዚያው አሜሪካ ነው የተማረው።

“እሺ፣ ድምጿስ?” አልኩ። ወፍ ካልታየ ይሰማል፤ ጋጋኖን ማን ተነሥቶ ያየዋል፣ ሰምተነው አይደል። የዚችኛዋ ድምጽ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ ነው። ይህ ነው ሲባል፣ የለም እሱ የሌላ ወፍ ነው ሲባል፣ በቅርብ ዓመታት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሚደልፑንት በሚባል ረግረግ በራሳቸው የሚያነሡ ካሜራዎችና ድምጽ መቅጃዎች ተተክለው ነው ነገሩ የለየለት። በእነዚሁ ካሜራዎች እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያ መራባቷም ታወቀ። ከዚያ በፊት ጎጆ ሠርታ ስትወልድ የተገኘችው በእኛው አገር ብቻ ነበር፤ በርጋ ላይ ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።

ነገረ ሥራዋ ሁሉ እንዲህ ነው። ክረምት ላይ እኛ ጋ ትታያለች፤ እኛ ክረምቱን ጨርሰን በጋ ስንገባ፣ የእነሱ ዝናብ ሲጀምር፣ ደቡብ አፍሪካ ትታያለች። የሁለቱ አገር ወፎች በዘር ምርመራ ሲተያዩ ልዩነታቸው እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ወዲያና ወዲህ ትመላለሳለች የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በመንገድ ላይ ግን የሚያገኛት የለም ማለት ይቻላል። እስቲ ፍረዱኝ፤ ለፕሪቶሪያ ሲሆን አህጉር የምታቋርጥ ወፍ፣ ከለቡ ተነሥቶ ለመጣ ሽማግሌ ሲሆን አሥር ክንድ መብረር ሞት ሆነባት!

ቁጥሯም ትንሽ ነው። ለመራባት የደረሱት በዓለም ላይ ከ250 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግባለች። እኛ ሰፈር ሁለት ሦስት ብሎክ ኮንዶሚኒየም ከዚያ የበለጠ ሰው ይዟል፣ ሁሉም ደግሞ ይታያል፣ ሁሉም ይሰማል።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሣን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ለቡ ባቡር ጣቢያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር መነሻ ሰፈሬ ነው፤ ባሕር ማየት ቢያምረኝ ከደጄ ተሳፍሬ፣ መቀመጫዬን ይዤ፣ እየተኛሁ ጅቡቲ እገባለሁ። ሰው እንዲህ ያለ በረከት ደጁ እያለለት ባቡር ወደማይደርስበት ይሄዳል? እኛ ግን በጀሞ፣ በአየር ጤና፣ በጦር ኃይሎች፣ በዊንጌት፣ በአስኮ ዞረን ቡራዩ ስንደርስ ወገቤ ለሁለት ተከፍሏል።

ገፈርሳ ላይ መኪናው ቆመ። አዲስ አበባን ውሃ የሚያጠጣው ግድብ ዳር ሁለት ዝይዎች ሣር ይነጫሉ፤ ክንፋቸው ላይ ሰማያዊ ነገር አለ። ይህ ዝይ ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የትም አይኖርም። አይሸሽም፣ አይደበቅም፣ ሰው ሲያይ አንገቱን ቀና አድርጎ መልሶ ይግጣል፤ የጨዋ ልጅ ነው። “በል አገኘንልህ፣ እንመለስ” አልኩ። “እሱ አለኝ” አለ። መኪናው ቀጠለ።

አዲስ ዓለም ስንገባ ዝናቡም አብሮን ገባ። አፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ማገዶ ቢያልቅባት መናገሻቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው፣ ቤትም አስጀምረው፣ ኋላ ትተውት ተመልሰዋል፤ ባሕር ዛፉ ደርሶ ከተማችንን አተረፋት ይባላል። ለልጁ ይህን ተረክሁለት፤ ንጉሥ እንኳ እዚህ ደርሶ ሐሳቡን ቀይሯል ለማለት ነው። አልገባውም። የተቀቀለ ዕንቁላል ልጦ ሰጠኝ።

“ፍልሰታ ነው ልጄ።”

“ዕንቁላል እኮ ሥጋ አይደለም ጋሼ።”

እግዚአብሔር ይይልህ ብዬ ቆሎዬን አወጣሁ። ነገር ግን ይህችን የዕንቁላል ነገር ያዙልኝ፣ ቆይቼ እመለስባታለሁ።

ሜዳው እንደ ደረስን መረሬው ተቀበለን። ነሐሴ ላይ መረሬ ውስጥ የቆመ ያውቀዋል፤ እግር ይገባል እንጂ አይወጣም። ልጁ ለእኔ ያመጣልኝ የጎማ ቡትስ ደግሞ የእግሬን ልክ ሳይጠይቅ የተገዛ ነው፤ እግሬ ወደ ፊት ሲሄድ ቡትሱ እዚያው ይቀራል። በከዘራዬ፣ በዣንጥላዬና በልጁ ትከሻ ተደግፌ አንድ ደረቅ ጉብታ ላይ ወጣሁ፤ ከብቶቻቸውን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። “አካም ቡልተን?” አልኳቸው። በኦሮምኛ ጀምረን በአማርኛ ጨረስነው። ምን ፈልገን እንደመጣን አልጠየቁም። ባይኖኩላሩን አይተው “ለእሷ ነው?” አሉ።

አገሬው ያውቃታል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማህበር እዚህ ከነዋሪው ጋር ብዙ ሠርቷል፤ ከደቡብ አፍሪካ ደግሞ ሚደልፑንት ዌትላንድ ትረስት የተባለው ድርጅት አግዟል። የበርጋ ሰው በመራቢያዋ ወራት ከብቱን ከረግረጉ እንዲያርቅ፣ ሣሩንም ጊዜው ሳይደርስ እንዳያጭድ ተመክሮበታል። ይህ ቀላል አይደለም፤ ሣር ማለት ወተት ነው፣ ወተት ማለት የልጅ ደብተር ነው። በምትኩም ለአካባቢው ልጆች ትምህርት ቤት ተሠርቷል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ደብዳቤ ጽፌ፣ ማመልከቻ አስገብቼ፣ ደጅ ጠንቼ የሰፈሬን ቦይ እንኳ አላስጠረግሁም። እሷ ሣር ውስጥ ተደብቃ፣ ለማንም ሳትታይ፣ አንድም ማመልከቻ ሳትጽፍ ትምህርት ቤት አሠራች።

ልጁ ሰዓቱን አየ። ሠርጉ በማግሥቱ ነው፣ የእናቱ ስልክ በየሩብ ሰዓቱ ይጮኻል። እስከ ቀትር ምንም ባለመታየቱ አዲስ ሐሳብ አመጣ። ወፏን ሊቃውንቱ ሲቆጥሯት እንዴት እንደሚያደርጉ አንብቧል፤ ሰዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው ሣሩን እየረገጡ ይሄዳሉ፣ ወይም ገመድ ይጎትታሉ። ወፏ እግራቸው ሥር ስትደርስ ደንግጣ ትነሣለች፣ እግሯን አንጠልጥላ ትንሽ ትበርራለች፣ መልሳ ሣሩ ውስጥ ትገባለች። “አየኋት” የሚባለው በዚያች በሁለት ሦስት ሴኮንድ ነው። እንግዲህ እሱ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላ ወገን፣ ሾፌሩ መሐል፣ የመኪናውን ገመድ ይዘን እንግባ አለ።

በዚህ ጊዜ ነው ፍልሰታ የረዳኝ።

“አሁን የምትወልድበት ጊዜ ነው ያልከኝ?”

“አዎ ጋሼ፤ ለዚህ እኮ ነው ነሐሴ የመጣነው።”

“ጎጆዋ መሬት ላይ ነው?”

“መሬት ላይ፣ ሣሩ ውስጥ።”

“ዕንቁላል አለበት?”

“ሊኖር ይችላል።”

“እኔ በጾም ዕንቁላል አልነካም። በእጄ ያልነካሁትን በእግሬ አልነካም። በዚህ ቡትስ ደግሞ ጭራሽ አልነካም፤ ቡትሱ የት እንደሚያርፍ እኔም አላውቅም።”

ሽማግሌው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ገመዱን አዩት፤ ልጁም አያያቸው ገባውና ገመዱን ወደ መኪናው መለሰ። አንዳንዶቻችሁ ይህን ከስንፍና ትቆጥሩት ይሆናል። ጉልበቴ ታሟል፣ አልዋሽም። ነገር ግን ጤነኛ ጉልበት ቢኖረኝም ያው ነው። ሦስት ወር የሚቀመጥ ሰው ካሜራውን ተክሎ፣ ዳር ሆኖ፣ ወፏ በራሷ ጊዜ እስክታልፍ ይጠብቃል። አንድ ቅዳሜ ያለው ሰው የሚያያት አስደንግጦ ብቻ ነው፤ ነሐሴ ላይ የምትደነግጠው ደግሞ ዕንቁላሏን ታቅፋ የተቀመጠችው ናት። 250 ከማይሞሉት አንዷን ከጎጆዋ አባሮ ስልክ ውስጥ መመዝገብ ምን የሚሉት መውደድ ነው? የሚወዱትን ሰው ቤት በሌሊት በር ሰብሮ ገብቶ “እንዴት አደርክ” ይባላል?

ከሰዓት በኋላውን ጉብታው ላይ ተቀምጠን ዋልን። ልጁ ቆሞ፣ እኔ ካፖርቴን አንጥፌ። ወፍ ጠፋ እንዳይመስላችሁ። አንድ የረግረግ ዶሮ፣ ቡናማ፣ ጅራቱን ሽቅብ እየነቀነቀ በፊታችን መጣ፤ ስሙ ሩዤ በሚባል ፈረንሳዊ ተሰይሟል፣ የእኛው ደጋ ልጅ ነው፣ እሱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ አይወጣም። ኑሮው እዚያው እሷው ሣር ውስጥ ነው፤ ዘመዷም ነው። ግን አይደበቅም። ከከብቶቹ እግር ሥር ትል እየለቀመ፣ ቀና እያለ ያየናል። ጉሮሮው ብጫ የሆነ ሌላ ወፍም አጥሩ ላይ ወጥቶ ዘፈነልን፤ እሱም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ሁለቱንም በጣቴ አሳየሁት። መልሱን ታውቁታላችሁ፤ አሉት።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሾፌሩ አንድ ነጭ ነገር አየሁ አለ። ልጁ ባይኖኩላሩን ነጥቆ ተነሣ። ነጩ ነገር ፌስታል ነበር። ፌስታልማ ለቡም ሞልቷል።

ስንመለስ ዝናቡ ጠና፣ ልጁ ዝም አለ። ሆዴ ባባና አጽናናዋለሁ ብዬ “አይዞህ፣ ያንተ ብቻ አይደለም” አልኩት። ያን ጊዜ ራሱ ጀመረ፣ እኔም ሳልወድ ሰማሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከእንግሊዝ የመጡ ተመራማሪዎች ነጭ ሣር ፓርክ ውስጥ መኪና የገጫት ወፍ መንገድ ላይ ወድቃ አገኙ፤ ይዘው የሄዱት አንድ ክንፏን ብቻ ነው። ሊቃውንቱ ክንፉን አገላብጠው አዲስ ዝርያ ናት ብለው እ.ኤ.አ. በ1995 ስም አወጡላት። በዚያች አንዲት ክንፍ! እኛ ቀበሌ በሙሉ አካላችን፣ ከሁለት ጉርድ ፎቶ ጋር ቀርበን፣ መታወቂያ ለማሳደስ ስንት ቀን እንመላለሳለን? እ.ኤ.አ. በ2009 አራት ሰዎች ሌሊት በባትሪ ፈልገው አየናት ብለዋል፤ ከእነሱም አንዱ፣ ቨርነን ሄድ የሚባለው ደቡብ አፍሪካዊ፣ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎባታል።

የሩስፖሊ ሶሪት ደግሞ ከዚህ የባሰች ናት። ልዑል ኤውጄንዮ ሩስፖሊ የሚባል ጣልያናዊ ደቡብ ኢትዮጵያ ሲዞር ይህችን ሶሪት ከሰበሰባቸው ወፎች ጋር አኖራት። እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገደለው። ከሞተ በኋላ ጓዙ ሲፈተሽ ወፏ ተገኘች፤ ከየት እንዳገኛት ግን አልጻፈም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 ስሙን ሰጧት፣ መኖሪያዋን ግን ለማግኘት ገና ዐሥርታት ፈጀባቸው። ይህን ስሰማ አንድ ነገር አስገረመኝ፤ ከዚያ ሁሉ መንገድና ከዚያ ሁሉ ዝሆን መሐል ሰውየው አንዲት መስመር መጻፍ ከበደው? ወፍ የሚያሳድድ ሰው ሁሉ ጠባዩ አንድ ነው መሰለኝ፤ ወፏን ያያል እንጂ የቆመበትን ቦታ አያይም።

የልጁም ጥፋት ይኸው ነው። ቡራዩ ደርሰን የመኪናው ሰልፍ ሲያቆመን እንዲህ አልኩት። ይቺ ወፍ ድሮ ሱሉልታ ሜዳ ላይም ትታይ ነበር፣ አንተው ነህ የነገርከኝ። ሱሉልታ ዛሬ ምን እንደሆነ ሂድና እይ፤ ረግረጉ ተንጠፍጥፎ ታርሷል፣ ቤት በቅሎበታል። ለቡም ቢሆን እኔ ስመጣ ጤፍና ሽንብራ የሚዘራበት መሬት ነበር፣ ክረምት ላይ ከእንቁራሪት ጩኸት የተነሣ ሬዲዮ አይሰማም። ዛሬ እንቁራሪቱም የለ፣ ሽንብራውም የለ፤ ያለው የውሃ ታንከር ጡሩምባ ነው። ያኔ አንድም ሰው ከአሜሪካ ባይኖኩላር አንጠልጥሎ ለቡን ላያት ብሎ አልመጣም። ዝርዝር ውስጥ ለመግባት የግድ ማለቅ አለብን እንዴ?

“ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ ረዘም አድርጌ እመጣለሁ” አለ። ረዘም ማለት ስንት እንደሆነ ጠየቅሁት። አምስት ቀን አለኝ።

አሁን ለእናንተ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፣ አደራ። ነሐሴ ላይ መጥቶ “አንድ ቅዳሜ አለችኝ፣ በርጋ ውሰዱኝ” ቢላችሁ አትከልክሉት፣ የሰው ፍላጎት ነው። ለነዳጅ ካወጣው ላይ ቀንሶ ለትምህርት ቤቱ ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ ይግዛ። ሣራቸውን ሳያጭዱ፣ ከብታቸውን አርቀው ለሚጠብቁት ሰዎች ቁጭ ብሎ ምስጋናውን ይንገራቸው። ከጉብታው ላይ ሆኖ ሜዳውን ይይ፤ ወፏ ካለፈች አለፈች። ገመድ ይዞ ግን ሣሩ ውስጥ አይግባ። አጎቱን ይዞ የሚሄድ ከሆነም ቡትስ ከመግዛቱ በፊት የእግሩን ልክ ይጠይቅ፤ የእኔ 41 ነው።